በሰዓት ሃያ ኪሎ ሜትር የምትሄደው «ፈጣን» ጀልባ

የእህቴ ልጅ የመርከብ መሐንዲስ ነው። ባሕር ዳር ካለው የማሪታይም አካዳሚ ተመርቆ ጥቂት ዓመታት በጭነት መርከቦች ሞተር ክፍል ሠራ፤ አሁን ደግሞ በትዕዛዝ እየተሠራች ባለች አንዲት የግል ያት (ትልቅ የመዝናኛ ጀልባ) ላይ ለመቀጠር ተስማምቷል። ለእረፍት ኮምቦልቻ የመጣ ጊዜ ጋራዣችን በር ላይ ቡና ቀርቦ የጀልባዋን ንድፍ በስልኩ ያሳየን ጀመር። ርዝመቷ 23.9 ሜትር፣ ነዳጇን ሞልታ ክብደቷ 60 ቶን፣ ገላዋ አሉሚኒየም። ንድፉ ላይ «ለረጅም የውቅያኖስ ጉዞ የምትሠራ ፈጣን የሞተር ያት» የሚል ተጽፏል።

«ፈጣን ሲሉ ስንት ትሄዳለች?» አለው ከቦቴ ሾፌሮቹ አንዱ።

«በአስራ አንድ ኖት። በሰዓት ሃያ ኪሎ ሜትር በለው ጋሼ።»

ቡና የምታፈላው ልጅ ሳትቀር ሳቀች። «ኧረ ተወን አቦ! ባጃጅ ናት የምትቀድማት!»

እኔም አብሬ ሳቅሁ። ግን ዕድሜዬን ሙሉ የናፍጣ ሞተር ስፈታና ስገጥም የኖርኩ ሰው ነኝና ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ። ሚሊዮን ዶላሮች የሚፈስባት ጀልባ፣ ጎበዝ መሐንዲሶች የተጨነቁባት፣ እንዴት በባጃጅ ትቀደማለች? እንዴትስ «ፈጣን» ተብላ ትጠራለች? ልጁ እስኪሄድ ድረስ ሳምንቱን ሙሉ ስጠይቀው ከረምኩ። የገባኝን እነሆ።

መጀመሪያ መለኪያው። አንድ ኖት ማለት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ነው፤ የባሕር ማይል ደግሞ 1,852 ሜትር። ስለዚህ 11 ኖት በሰዓት 20.4 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ለመኪና ይህ የጠጠር መንገድ ፍጥነት ነው። ጀልባ ግን አታድርም። ምሳ አትበላም፣ ኬላ አይቆምባትም፣ ሾፌሩ ሲደክመው ሌላው ተረክቦ ይቀጥላል። 11 ኖት በ24 ሰዓት ሲባዛ 264 የባሕር ማይል፣ ማለትም 489 ኪሎ ሜትር ነው። ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አድርጎ እስከ አሰብ ያለው መንገድ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ከ1990 ዓ.ም. በፊት በዚያ መስመር ተሳቢ የነዱ ሰዎች ዛሬም ከተማችን ውስጥ አሉ፤ ያ መንገድ ስንት ጊዜ እንደሚያሳድር ጠይቋቸው። ይህቺ ጀልባ ያን ያህል ርቀት በየቀኑ፣ ለአስር ቀንና ሌሊት ሳትቆም ትሄዳለች ማለት ነው።

ይህ ግማሽ መልስ ነው። ታዲያ ትልቅ ሞተር ገጥመው ለምን 30 ኖት አያስኬዷትም? ነገሩ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው።

ሐይቅ ላይ በሞተር ጀልባ የሄደ ሰው አይቶት ይሆናል። ጀልባ ስትሄድ አፍንጫዋ ላይ አንድ የውሃ ጉብታ ይነሳል፤ ከዚያ ወደ ኋላ ጎድጎድ ይልና እንደገና ሌላ ጉብታ ይመጣል። ይህን ሞገድ የምትሠራው ራሷ ጀልባዋ ናት። ሞገድ ደግሞ የማይጣስ ሕግ አለው፤ ፍጥነቱ ከርዝመቱ ጋር የተቆራኘ ነው። በሁለት ጉብታ መካከል ያለው ርቀት ረጅም የሆነ ሞገድ ፈጥኖ ይሄዳል፣ አጭሩ ቀስ ይላል። ጀልባዋ በፈጠነች ቁጥር የምትጎትተው ሞገድ እየረዘመ ይመጣና አንድ ቦታ ላይ ልክ የራሷን ያህል ይረዝማል። ያን ጊዜ አንዱ ጉብታ አፍንጫዋ ሥር፣ ሌላው ጭራዋ ሥር ይሆናል፤ እሷ በመካከሉ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጣለች። ከዚያ በላይ ልፍጠን ካለች ጭራዋ ይሰምጣል፣ አፍንጫዋ ይነሳል፣ የገዛ ሞገዷን እንደ አቀበት ልትወጣ ትታገላለች። ዳገቱ ደግሞ አያልቅም፤ እሷ ስትሄድ አብሯት ይሄዳል። ሐረጎን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትወጡ ቢያንስ ጫፉ ላይ ጦሳ ይጠብቃችኋል።

ይህን ነገር በሥርዓት የመረመረው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊልያም ፍሩድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1867 ስዋን እና ሬቨን ብሎ የሰየማቸውን ትናንሽ የመርከብ ሞዴሎች ወንዝ ላይ እያስጎተተ ለካ፤ በ1872 ደግሞ ቶርኪ በምትባል ከተማ የመሞከሪያ ገንዳ ተሠራለት። ከሥራው የተገኘው ስሌት ለማንም ይገባል። ጀልባዋ ውሃውን በምትነካበት መስመር ያላትን ርዝመት በሜትር ውሰዱ፣ ካሬ ሥሩን አውጡ፣ በ2.43 አባዙት፤ የሚወጣው ቁጥር «ዳገቱ» የሚጀምርበት ፍጥነት ነው በኖት። ለ12 ሜትር ጀልባ 8.4 ኖት ይሆናል። የኛ ልጅ ያት በውሃው መስመር 23 ሜትር ናትና 11.7 ኖት ገደማ ይመጣል። የምትጓዝበት 11 ኖት ከዳገቱ እግር ሥር፣ ጥቂት ብቻ ዝቅ ብሎ የተመረጠ ነው። ከአየር የወረደ ቁጥር አይደለም።

አሁን «ታዲያ እነዚያ ፊልም ላይ እየዘለሉ የሚበሩት ጀልባዎችስ?» የሚል አይጠፋም። እነሱ ዳገቱን ወጥተውታል። ሆዳቸው ጠፍጣፋ፣ ክብደታቸው ቀላል፣ ሞተራቸው ትልቅ ስለሆነ ውሃውን እየገፉ መሄዳቸውን ትተው በገጹ ላይ ይንሸራተታሉ፤ አንድ ሕፃን በጠፍጣፋ ድንጋይ ውሃ ላይ እንደሚያስነጥረው በሉት። ዋጋው ግን ነዳጅ ነው። እዚህ ላይ ለ60 ቶኗ ጀልባ እኔና ልጁ ወረቀት ላይ የሠራነውን ግምታዊ ስሌት ላሳያችሁ። ታንከሯ 15,000 ሊትር ይይዛል እንበል፤ ከዚያ አንድ አስረኛውን ለክፉ ቀን እናስቀምጥ፣ 13,500 ይቀራል። በ9 ኖት ስትሄድ በሰዓት 25 ሊትር ገደማ ትጠጣለች፤ 540 ሰዓት ትጓዛለች፣ 4,860 የባሕር ማይል። በ11 ኖት በሰዓት 45 ሊትር፤ 300 ሰዓት፣ 3,300 ማይል። በ20 ኖት ለማስኬድ ቢሞከር ግን በሰዓት 340 ሊትር ገደማ ይፈልጋል። 40 ሰዓት ሳይሞላ ነዳጁ አለቀ፤ የተሄደው 800 ማይል እንኳ አይሞላም።

ቀይ ባሕር ከላይ እስከ ታች 2,250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ 1,200 የባሕር ማይል ገደማ። በ20 ኖት የሄደው ሰው መሃል ላይ ነዳጅ ጨርሶ ይቀራል። በ11 ኖት የሄደው ባብ ኤል መንደብ ደርሶ፣ ተመልሶ፣ እንደገና ግማሹን ሊሄድ ይችላል። ከካናሪ ደሴቶች ተነስቶ አትላንቲክን አቋርጦ ካሪቢያን ለመድረስ 2,700 ማይል ያህል አለ። በዚያ መንገድ ላይ ማደያ የለም።

ቦቴ ሾፌሩ ይህን ሲሰማ ዝም አለ። ከዚያ «በ45 ሊትር 60 ቶን? ስንት የፈረስ ጉልበት ነው?» አለ። 220 ገደማ ነው። በየቀኑ ጋራዣችን በር ላይ የሚያልፈው ሲኖትራክ 371 ነው። 60 ቶን የምትመዝነው ያት በውቅያኖስ ላይ ስትጓዝ የምትጠቀመው ጉልበት ከአንድ ሲኖ ያነሰ ነው! ውሃ ዳገት የለውም፣ ጎማ አያሽም፤ እሱን እስካላበሳጩት ድረስ ቸር ነው።

እንግዲህ የእንዲህ ዓይነት ጀልባ ምሥጢር ሞተሩ ላይ አይደለም ያለው። ርዝመቷና ቅጥነቷ ላይ ነው። እውነቱን ለመናገር ይህን ለመቀበል እኔ ራሴ ተቸግሬ ነበር፤ የሞተር ሰው ሁሉን ነገር ከሞተር ይጀምራል። ርዝመት ዳገቱን ወደፊት ይገፋዋል፤ ቅጥነት ደግሞ ዳገቱን ያሳንሰዋል። ውሃውን በስለት እንደሚከፍት ቢላ የቀጠነ ገላ የሚያስነሳው ሞገድ ትንሽ ነው፤ ትንሽ ሞገድ ትንሽ አቀበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ኬብል ኤንድ ዋየርለስ አድቬንቸረር የተባለች 35 ሜትር ርዝመት ያላት የእንግሊዝ ጀልባ ዓለምን በ74 ቀን ከ20 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ዞረች። በመካከል አንድ በጣም ቀጭን ገላ፣ ግራና ቀኝ እንዳትገለበጥ የሚደግፏት ሁለት ትናንሽ ገላዎች ነበሯት። በ2008 ኧርዝሬስ የተባለች ሌላ ባለሦስት ገላ ጀልባ ይህን ክብረ ወሰን ከ61 ቀን በታች አወረደችው።

ለመኖሪያ ግን እንደ ቢላ የቀጠነ ገላ አይመችም፤ አልጋ የት ይዘረጋል? አሜሪካዊው ስቲቭ ዳሹ ያደረገው ነገር እዚህ ላይ ይጠቀሳል። እሱና ሚስቱ ለብዙ ዓመታት በሸራ ጀልባ ውቅያኖስ ያቋረጡ ሰዎች ነበሩ፤ ሲያረጁ ወደ ሞተር ሲዞሩ ሰፊና ከፍ ያለ ተንሳፋፊ ቤት አልፈለጉም። ዊንድ ሆርስ የተባለችውን 83 ጫማ ጀልባቸውን ኒውዚላንድ ውስጥ ከአሉሚኒየም አሠሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝቅ ያለች፣ ቀለም ያልተቀባች። ወደብ ላይ ስትታይ የጦር ጀልባ ትመስላለች እንጂ የሀብታም መዝናኛ አትመስልም። ከሷ በኋላ በዚያው ሐሳብ የተሠሩ ሌሎች ተከተሉ። በሌላው ጫፍ ደግሞ የጣሊያኗ ዴስትሪዬሮ አለች፤ 67 ሜትር፣ ሦስት ጋዝ ተርባይን፣ 60,000 የፈረስ ጉልበት ገደማ። በነሐሴ 1992 እ.ኤ.አ. አትላንቲክን ነዳጅ ሳትቀዳ በ58 ሰዓት ተኩል፣ በአማካይ 53 ኖት አቋረጠች። ድንቅ ነው። ግን ገንዘብ ሲበዛ ምን እንደሚቻል ለማሳየት የተደረገ ነገር ነው፤ ቤተሰብ ይዞ የሚሄድባት የለም።

ወደኛዋ እንመለስ። በትዕዛዝ ትሠራለች ስንል ምን ማለት ነው? ደሴ ላይ ቤት ያሠራ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። መሠረቱ ከወጣ በኋላ ባለቤቱ ይመጣና «እዚች ጋ አንድ ክፍል ብትጨመርስ?» ይላል። ቤት ይችለዋል፤ መሬት ይሸከማልና። ጀልባ ግን መሬቷ ውሃ ነው። በዚች ጀልባ ላይ አንድ ቶን በተጨመረ ቁጥር ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ትሰምጣለች። ባለቤቱ የእብነ በረድ ጠረጴዛ ጠየቀ፣ ሚስቱ ተጨማሪ ፍሪጅ፣ ልጁ ትንሽ መዝናኛ ጀልባ ጣሪያው ላይ፤ አምስት ቶን ሳይታወቅ ይመጣል። አምስት ሴንቲ ሜትር ሰመጠች ማለት ብዙ ውሃ ትገፋለች፣ ነዳጇ ይጨምራል፣ ለነዳጁ ትልቅ ታንከር ያስፈልጋል፣ ታንከሩ ራሱ ክብደት ነው፣ እንደገና ትሰምጣለች። ንድፍ አውጪዎች በዚህ ክብ ውስጥ ደጋግመው ይዞራሉ፤ ርዝመት፣ ክብደት፣ ጉልበት፣ ነዳጅ፣ እንደገና ክብደት። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የክብደት መዝገብ ይያዛል፤ እያንዳንዱ ላሜራ፣ እያንዳንዱ ቧንቧ፣ ፍራሹ ሳይቀር ተመዝኖ ይጻፋል። ስንት እንደሚመዝን ብቻ አይደለም የሚጻፈው፣ ከፍታው የት ላይ እንደሆነም ጭምር።

23.9 የሚለውም ቁጥር እንዲሁ አልመጣም። በአውሮፓ ሕግ የግል መዝናኛ ጀልባ እስከ 24 ሜትር በአንድ ደንብ ይተዳደራል፤ ከዚያ በላይ የትልልቅ መርከቦች ደንብ ይጀምራል፤ ምርመራው፣ ሠራተኛው፣ ወጪው ሌላ ነው። ብዙ ባለቤቶች 24ን ሳይነኩ ይቆማሉ። በዚያ ደንብ ውስጥ ለውቅያኖስ የሚሰጠው ከፍተኛው ምድብ «ኤ» ይባላል፤ በቦፎርት የነፋስ መለኪያ ከስምንተኛ ደረጃ የበለጠ ነፋስና ከ4 ሜትር ያለፈ ሞገድ ሊገጥማት ለሚችል ጀልባ ነው።

ገላዋ ለምን አሉሚኒየም ሆነ? ብረት ከአሉሚኒየም ሦስት እጥፍ ሊጠጋ ይከብዳል፤ በአንድ ሊትር መጠን ብረት 7.85 ኪሎ፣ አሉሚኒየም 2.7 ኪሎ። አሉሚኒየም ላሜራው ወፈር ብሎ እንኳ ጠቅላላ ክብደቱ ያንሳል። እኛ ጋ የብየዳ ባለሙያዎች አሉሚኒየምን ይፈሩታል፤ ልክ ናቸው። ቆሻሻና እርጥበት አይወድም፣ በአርጎን ጋዝ ተሸፍኖ ነው የሚበየደው፣ ብየዳው አጠገብ ያለው ብረትም ጥንካሬውን በከፊል ያጣል። ትልቁ ጠላቱ ግን መዳብ ነው። የጨው ውሃ ውስጥ አሉሚኒየምና መዳብ ሲነካኩ እንደ ባትሪ ሆነው አሉሚኒየሙ ይበላል። አንድ ሰነፍ ኤሌክትሪሺያን ጀልባዋ ወለል ውስጥ የጣላት የመዳብ ሽቦ ቁራጭ ጊዜ ካገኘች ላሜራውን ልትበሳው ትችላለች። ስለዚህ ከገላው ውጭ የሚበላ ሌላ ብረት ይታሰራል፤ ዚንክ ወይም ለዚሁ የተቀመመ አሉሚኒየም። እሱ ቀድሞ እንዲበላ፣ ሲያልቅ እንዲቀየር። የፍሬን ሸራ በሉት፤ ለመጥፋት የተሠራ ዕቃ ነው።

አሁን ሾፌሮቹ ከኔ በላይ የተረዱት ነገር። ሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ጭነቱን ከፍ አድርጎ የጫነ መኪና ምን እንደሚሆን ማንም አይነግራቸውም። ጀልባም ያው ነው፤ ክብደቱ ዝቅ ሲል ትረጋለች። ነዳጁ ከወለሉ ሥር፣ ሞተሩ ዝቅ ብሎ፣ ላይኛው ክፍል ቀላል። ግን ልጁ አንድ የማልጠብቀው ነገር ነገረኝ፤ ከመጠን በላይ የረጋች ጀልባም መጥፎ ናት። ሞገድ ሲያጋድላት በኃይል ትመለሳለች፤ ሰው ከአልጋው ይወረወራል፣ ዕቃ ይሰበራል፣ ሰዎቹ በሁለት ቀን ይደክማሉ። ባዶ መኪና በኮረኮንች ላይ እንደሚያንገጫግጨው ማለት ነው። ንድፍ አውጪው የሚፈልገው ቀስ ብላ የምታጋድል፣ ግን ሁልጊዜ የምትመለስ ጀልባ ነው። ለዚህም ጎኗ ላይ ከውሃ በታች እንደ ዓሣ ክንፍ ያሉ ሁለት ሰሌዳዎች ይገጠማሉ፤ ኮምፒውተር የማጋደሉን አቅጣጫ እያየ ያዞራቸዋል። እነሱ ለምቾት ናቸው። ሕይወት የሚያድነው ግን መስኮቶቹ ወፍራም፣ በሮቹ ውሃ የማያስገቡ፣ ክብደቱ ዝቅ ያለ ሆኖ ማዕበል ቢገለብጣት እንኳ በራሷ ተመልሳ እንድትቆም መደረጉ ነው።

ታንከሩም ጣጣ አለው። ቦቴ ግማሽ ሲሆን ውስጡ ያለው ፈሳሽ ጠመዝማዛ ላይ ወደ አንድ ጎን ሲጠራቀም መኪናውን ይጎትተዋል፤ ለዚህ ነው ውስጡ በላሜራ የሚከፋፈለው። ጀልባዋም 15,000 ሊትሯን በብዙ ትናንሽ ታንከሮች ትይዛለች፤ አንዱ ሙሉ በሙሉ ሲያልቅ ወደ ሌላው ይታለፋል፤ ግማሽ የሆነ ታንከር በአንድ ጊዜ ከአንድ ሁለት አይበልጥም። ደግሞም ያ ነዳጅ 12.6 ቶን ነው፤ ከአጠቃላይ ክብደቷ አንድ አምስተኛ። በጉዞው መጨረሻ የተነሳችው ጀልባና የደረሰችው ጀልባ አንድ አይደሉም፤ ቀላል ብላለች፣ ከታች የነበረው ክብደትም ተቃጥሎ አልቋል። ንድፉ ለሁለቱም መሥራት አለበት።

ተሠርታ ውሃ ላይ ስትወርድ ይህን ሁሉ የሚያረጋግጡበት ሙከራ በጣም ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም መሣሪያው የኛ ግንበኞች መሣሪያ ነው፤ ቱምቢ። ጸጥ ባለ ውሃ ላይ ጀልባዋን ያቆሙና ክብደቱ የታወቀ ነገር ከመሃል ወደ ጎን ይወስዳሉ። ጀልባዋ ትንሽ ታጋድላለች። ውስጥ የተንጠለጠለው ቱምቢ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሄደ ይለካል። ከዚያች ልኬት የጀልባዋ የክብደት ማዕከል ምን ያህል ከፍታ ላይ እንዳለ ይሰላል። ለስንት ዓመት ኮምፒውተር ላይ የተሠራውን ሥራ ልክ መሆኑን የምትፈርደው አንዲት ክር ናት።

ስለ ሞተሩ ባልናገር ጋራዡ ያኮርፈኛል። አንድ ዓይነት የናፍጣ ሞተር በሁለትና በሦስት የጉልበት ልክ ይሸጣል፤ ለአጭር ጊዜ ለሚነዳ ሰው 400 ፈረስ ይባላል፣ ቀንና ሌሊት ለማያጠፋው ሰው ግን 230። ብሎኩ አንድ ነው። መኪና ዳገት ላይ ይጨነቃል፣ ቁልቁለት ላይ ያርፋል፤ ጀልባ ግን 300 ሰዓት በአንድ ጫና ላይ ትቆማለች። ልጁ የሚሠራባት ያት ዝቅተኛው ልክ የተሰጣቸው ሁለት ሞተሮች አሏት፤ አንዱ ቢሰበር በሌላው ወደ 8 ኖት እየሄደች ትደርሳለች። ፕሮፔለሮቹ ትልልቅ ናቸው፣ በዝግታ ነው የሚዞሩት፤ ትንሽ ፕሮፔለር በፍጥነት ከማዞር ትልቁን በዝግታ ማዞር ይሻላል፣ ውሃ ያዝ ያደርጋል። ራዲያተር የላትም፤ የምትንሳፈፍበት ባሕር ራዲያተሯ ነው። አንድ ነገር ደግሞ አስቀናኝ፤ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናትና አየሩ ከባሕር ወለል ሩብ ያህል ይሳሳል፣ ሞተሮቻችን ግማሽ እስትንፋስ ይዘው ነው የሚታገሉት። እዚያ ታች እስከ ሆዳቸው ይተነፍሳሉ።

በባሕር ላይ ሞተር የሚያቆመው ብዙውን ጊዜ ሞተሩ አይደለም፣ ነዳጁ ነው። ታንከር ሥር የተቀመጠ ውሃና ዝቃጭ ባሕሩ ጸጥ ሲል ዝም ብሎ ይተኛል፤ ማዕበል ሲመጣ ይናጣል፣ ፊልትሮውን ይደፍናል። ሞተር በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ይጠፋል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 እንግሊዛዊው ባለሀብት ሪቻርድ ብራንሰን አትላንቲክን በፍጥነት ሊያቋርጥ ሲሮጥ መሃል ባሕር ላይ የቀዳው ነዳጅ ውሃ ተቀላቅሎበት ሞተሮቹ ቆመውበት ነበር፤ ለጥቂት ነው ክብረ ወሰኑ ያላመለጠው። ስለዚህ በዚች ጀልባ ላይ ፊልትሮው ጥንድ ጥንድ ነው፤ አንዱ ሲደፈን ሞተር ሳይጠፋ ወደ ሌላው ይዞራል። ከዚያ በላይ ደግሞ ሁልጊዜ ተጣርቶ የሚቀመጥ የዕለት ታንከር አለ፤ ሞተሩ የሚጠጣው ከዚያ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ 11 ኖት ከተራው 7 ኖት በምን ይሻላል? አትላንቲክን በ16 ቀን ፈንታ በ10 ቀን መሻገር አንድ ነገር ነው። ዋናው ግን የአየር ሁኔታ ትንበያ ነው። ትንበያ በደንብ የሚታመነው ለጥቂት ቀናት ነው፤ አምስት ቀን እንበል። በ7 ኖት በአምስት ቀን 840 ማይል ይሄዳሉ፤ በ11 ኖት 1,320። ቀይ ባሕርን በሙሉ በአንድ ትንበያ መጨረስ ይቻላል፤ በ7 ኖት ግን ሲሶ ያህሉ ገና እየቀረ ወደማያውቁት አየር ይገባሉ። በዚህ ፍጥነት ማዕበልን ሮጣ የምታመልጥ ያት የለችም፣ ማዕበሉ ብዙውን ጊዜ ከሷ ይፈጥናል፤ ግን አስቀድሞ ካየችው ከመንገዱ ገለል ለማለት በቀን 264 ማይል ይበቃታል። ለቀይ ባሕር ደግሞ ይህ ያስፈልጋል፤ ሰሜኑ ክፍል ዓመቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል ከሰሜን ይነፍሳል፣ ደቡቡ በበጋ ወራት ከደቡብ። ወደየትም ብትሄዱ አንድ ቦታ ላይ ነፋስ ፊት ለፊት ይገጥማችኋል። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ መርከቦች በጥቃት ምክንያት አፍሪካን በደቡብ ጫፍ መዞር ሲጀምሩ፣ ብዙ ነዳጅ የሚይዝ ጀልባ ያለው ሰው ቢያንስ መንገድ የመምረጥ ዕድል አለው።

ልጁ ሊሄድ ሲል እናቱ ጀበናና ረከቦት አዘጋጅታለት ነበር። «እማዬ፣ መጀመሪያ መመዘን አለበት፣ የክብደት ዝርዝሩ ላይ ይገባል» አላት። ቀልድ መሰላት። ጎረቤት ሱቅ ሚዛን ላይ አስቀመጥነው፤ ሲኒው፣ ጀበናው፣ ረከቦቱ፣ አራት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም። ልጁ ስልኩ ላይ ሲጽፍ ያው ቦቴ ሾፌር ከጀርባው አጮልቆ እያየ፣

«ስማ» አለው፣ «ከላይ እንዳታስቀምጠው። ወለሉ ጋ ነው።»